ምዕራፍ ስድስት፦ ብረቱን ማን ይያዘው?

ትራፓኖ ላይ የሚዞረው ፑንታው ነው፤ ብረቱ ሞርሳ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። ቶርኖ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢላው ቆሞ ይጠብቃል፣ ብረቱ ይዞራል። የቶርኖ ሥራ ትልቁ ሕግ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል፦ ብረቱ የሚዞርበት መስመር የክቡ መሃል ይሆናል። ብረቱ ሲታሰር ወደ አንድ ጎን ቢያደላም፣ ቢላው የነካው ገጽ ሁሉ በስፒንድሉ መሃል ዙሪያ ክብ ሆኖ ይወጣል።

ለቤቱ ትንሽ ቶርኖ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ ስለ መያዣ ማሰቡ አይቀርም። ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ፣ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ፣ የኮሌት ሙሉ ስብስብ፣ ባለ ስድስት መንጋጋ ... ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ዋጋውም አንዳንዴ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። አብዛኛው ገዢ የሚጠይቀው “የትኛው ነው ይበልጥ ልክ የሚይዘው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ ብረት ሥራው ሳያልቅ ከመያዣው ይወጣል? ከወጣስ ተመልሶ በነበረበት መሃል መግባት አለበት?

በምሳሌ እንየው። የውስጡ ቀዳዳ 12 ሚሊ፣ የውጩ ዲያሜትር 20 ሚሊ የሆነ የናስ ቡሽ መሥራት ፈለግን። 25 ሚሊ የሆነ ድፍን ናስ ቻኩ ላይ እናስራለን፤ ናሱ ሲዞር ግማሽ ሚሊ ቢዋልል እንኳ ግድ የለም። ውጩን 20 ሚሊ እስኪሆን እንልጠዋለን፤ ሳንፈታ እንበሳዋለን፤ ቀዳዳውን 12 ሚሊ ድረስ እናሰፋለን፤ በመጨረሻም በመቁረጫ ቢላ ቆርጠን እንጥለዋለን። የውስጡና የውጩ ክብ መሃላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የተሠሩት በአንድ አያያዝ ነውና። ይህን ሥራ ርካሹም ቻክ ውዱም ቻክ እኩል ይሠሩታል።

አሁን ሥራውን ትንሽ እናክብደው። ቡሹ ተቆርጦ ወድቋል፤ ነገር ግን በሌላው ጫፉ በኩል 16 ሚሊ ስፋት ያለው መቀመጫ፣ ከቀዳዳው ጋር መሃል ለመሃል ሆኖ መቆፈር አለበት። ስለዚህ ቡሹ ተገልብጦ እንደገና ይታሰራል። እዚህ ላይ የመያዣው ጠባይ ሁሉን ይወስናል፤ ቻኩ ቡሹን ከመሃሉ 0.05 ሚሊ ካራቀው፣ አዲሱ መቀመጫም ከቀዳዳው መሃል 0.05 ሚሊ ርቆ ይቆፈራል። መያዣ የሚመረጠው ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ዓይነትማ አጥብቆ መያዙ ብቻ ይበቃል።

ባለ ሦስት መንጋጋው

ከአብዛኛው ትንሽ ቶርኖ ጋር አብሮ የሚመጣው መያዣ ይህ ነው። ቁልፉ በአንድ ቀዳዳ ገብቶ ሲዞር ሦስቱም መንጋጋዎች እኩል ወደ መሃል ይጠጋሉ፤ ወይም እኩል ይርቃሉ። ምስጢሩ ያለው ቻኩ ሆድ ውስጥ በተሸሸገ አንድ ክብ ሳህን ላይ ነው። የሳህኑ ፊት ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ተቆፍሯል፤ ሊጥ ምጣድ ላይ ከዳር ተጀምሮ ወደ መሃል እየዞረ ሲፈስ የሚሠራውን መስመር ያዩ ሰዎች የቦዩን ቅርጽ አይስቱትም። የመንጋጋዎቹ ጀርባ ላይ ያሉት ጥርሶች በዚህ ቦይ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቁልፉ ትንንሽ ጊሮችን ያዞራል፤ እነሱም ከሳህኑ ጀርባ ያሉትን ጥርሶች ይገፋሉ፤ ሳህኑ ሲዞር ጠመዝማዛው መንጋጋዎቹን ይነዳቸዋል። አሜሪካዊው ሳይመን ፌርማን ለእንዲህ ያለው ቻክ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ጠመዝማዛው ከአንዱ መንጋጋ ወደ ቀጣዩ ሲደርስ የመንገዱን አንድ ሦስተኛ ይራመዳል። ስለዚህ የሦስቱ መንጋጋዎች ጥርስ አንድ ቦታ አይጀምርም፤ አንዱ ከሌላው ቀደም ወይም ዘግየት ይላል። መንጋጋዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ የሚቀረጸው ለዚህ ነው። ለማጽዳት ሲወጡ በተራቸው ካልተመለሱ መሃል ላይ አይገናኙም። 1 ቁጥር በ1 ቁጥር መግቢያ ይገባል፤ ቁልፉ እየዞረ የጠመዝማዛው ጫፍ 2 ቁጥር መግቢያ ላይ ብቅ ሊል ሲል 2 ቁጥር ይገባል፤ 3 ቁጥርም እንዲሁ። ከዚያ ሦስቱን እስከ መጨረሻ ዘግቶ መሃል ላይ እኩል መገናኘታቸውን ማየት ነው።

የዚህ ቻክ ትርፉ ፍጥነት ነው። ክብ ብረት፣ ባለ ስድስት ጎን ብረትና የቡሎን ራስ በጥቂት ሰከንድ ይታሰራል፤ ስድስት ለሦስት ይካፈላልና ባለ ስድስት ጎኑ በደንብ ይቀመጣል። አራት ማዕዘን ብረት ግን አይይዝም።

ድክመቱም ከዚያው ጠመዝማዛ ይመጣል። ሳህኑ፣ ጊሮቹ፣ የመንጋጋዎቹ መሄጃ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ስህተት ያዋጣሉ። ከአነስተኛ ቶርኖ ጋር የሚመጣ አዲስ ቻክ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ቢያዋልል ጉድለት አለበት አይባልም። ልብ መባል ያለበት፣ ዳያል ጌጁ የሚያሳየው የስህተቱን እጥፍ መሆኑ ነው። ብረቱ አንድ ዙር ሲዞር መርፌው በ0.08 ሚሊ ከፍና ዝቅ ካለ፣ ብረቱ ከመሃል የራቀው 0.04 ሚሊ ነው። በተጨማሪም ስህተቱ በሁሉም ውፍረት ላይ አንድ አይደለም። 12 ሚሊ ብረትን ጥሩ አድርጎ የሚይዝ ቻክ 40 ሚሊውን ሊያዋልል ይችላል፤ ጠመዝማዛው እያንዳንዱን ውፍረት የሚይዘው በሌላ ቦታው ላይ ነውና። ቻክ ሲፈተሽ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ውፍረት ባላቸው፣ ላያቸው በመሞረጃ ድንጋይ ተሞርዶ በለሰለሰ ዘንጎች ይፈተሽ። ጌጁ አንዴ ከመንጋጋው አጠገብ፣ አንዴ ደግሞ 50 ሚሊ ራቅ ብሎ ይለካ። አጠገቡ ደህና ሆኖ ርቆ ሲለካ የሚብስ ከሆነ፣ መንጋጋዎቹ አፋቸው ሰፍቶ ብረቱን የሚይዙት ከውስጥ በኩል ብቻ ነው ማለት ነው። ያገለገለ ቻክ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ይይ።

አዲስ ቻክ ሳይገዙ ስህተቱን መቀነስ ይቻላል። አንደኛ፣ ሦስት የቁልፍ ቀዳዳ ካለ በሦስቱም ተራ በተራ አጥብቆ መለካት ነው፤ አንደኛው ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ እሱን ምልክት አድርጎ ሁልጊዜ በእሱ ማጥበቅ። ሁለተኛ፣ ስስ ብረት መደረብ ነው። ጌጁ ከፍ ብሎ ባሳየበት በኩል ባለው መንጋጋ ሥር፣ ብረቱ ከመሃል የራቀውን አንድ ተኩል እጥፍ የሚያህል ቁራጭ ይገባል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ርቀቱ 0.04 ስለሆነ የሚደረበው 0.06 ሚሊ ነው ማለት ነው። ለግምት ያህል፣ ተራ 80 ግራም ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ ውፍረት አለው። ወረቀት ግን ስለሚጨፈለቅ ለጥንቃቄ ሥራ ስስ የናስ ላሜራ ይሻላል።

ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦ ሌላ ጣጣ አለው። ሦስት መንጋጋ በሦስት ነጥብ ሲጫነው ይጎብጣል፤ ጎብጦ ሳለ ውስጡ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፤ ሲፈታ ግን ግድግዳው ወደ ቦታው ይመለስና ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን መሰል ይሆናል። ባለ ስድስት መንጋጋ ቻክ የሚሸጠው ለዚህ ነው፤ ያንኑ ጉልበት በስድስት ቦታ ያከፋፍለዋል። ቱቦ እምብዛም ለማይሠራ ሰው ግን አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ቀለበት ሠርቶ ቱቦውን በእሱ ውስጥ መያዝ ይበቃዋል።

ባለ አራት መንጋጋው

ጀማሪ የሚፈራው፣ የቆየ ባለሙያ ግን የማይለየው ቻክ ይህ ነው። አራቱ መንጋጋዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ብሎን አላቸው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ዝም ይላል። መሃሉን የሚያገኘው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ የዚህ ቻክ ልክነት የሚለካው በፋብሪካው ጥራት ሳይሆን በዳያል ጌጁና በሠራተኛው ትዕግሥት ነው። ርካሽ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ በጥሩ ጌጅ ታግዞ ብረትን ከ0.01 ሚሊ በታች ወደ መሃል ማምጣት ይችላል። የትኛውም ርካሽ ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ እንዲህ አያደርግም።

አሠራሩ ሲታይ እንደሚመስለው ረጅም አይደለም። መጀመሪያ በቻኩ ፊት ላይ በተቀረጹት ክብ መስመሮች እየተመሩ ብረቱን በዓይን ግምት መሃል ማድረግ ነው። ከዚያ የዳያል ጌጁ ጫፍ ብረቱን እንዲነካ ተደርጎ፣ 1ኛው መንጋጋ ከጌጁ ፊት ለፊት ሲሆን ይነበባል፤ 40 አለ እንበል፣ ቁጥሩ የሚሊ መቶኛ ነው። ቻኩ በእጅ ግማሽ ዙር ይዞራል፤ በተቃራኒው ያለው 3ኛው መንጋጋ ጋ 10 ይላል። ልዩነቱ 30 ነው፤ ግማሹ 15፤ ብረቱ ወደ 1ኛው መንጋጋ በኩል 0.15 ሚሊ አድልቷል። ስለዚህ 3ኛው መንጋጋ ትንሽ ይላላል፣ 1ኛው ይጠብቃል፤ 1ኛው ከጌጁ ፊት ሳለ መርፌው የሁለቱ አማካይ የሆነው 25 ላይ እስኪደርስ። በመቀጠል 2ኛውና 4ኛው በተመሳሳይ መንገድ ይታያሉ። ከዚያ አንዴ ተመልሶ ማረም፣ በመጨረሻም አራቱን በእኩል ጉልበት እየዞሩ ማጥበቅና ለመጨረሻ ጊዜ መለካት ነው። ሁለት ቁልፍ ያለው ሰው አንዱን በፊት፣ አንዱን በኋላ ይዞ ሲሠራ ማላላቱና ማጥበቁ አንድ እንቅስቃሴ ይሆንለታል። ለምዶ የያዘው ሰው ይህን ሁሉ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለት ጥንድ መንጋጋዎችን በአንዴ ለማረም ሲሞክር ነው። 1 እና 3 ሳይስተካከሉ 2ን መንካት ሥራውን ከዜሮ ማስጀመር ነው።

ይህ ቻክ የሚችላቸው ሥራዎች ባለ ሦስት መንጋጋው የማይደርስባቸው ናቸው። አራት ማዕዘን ብረት ይይዛል። ቅርጹ ያልተስተካከለ የካስት አይረን ቁራጭ ይይዛል። ከመሃል ሆን ተብሎ የራቀ ክብ፣ ለምሳሌ የትንሽ ስቲም ሞተር ክራንክ ለመሥራት የግድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጥገና ቻክ ነው። አገራችን ውስጥ ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄደው ብዙው ሥራ አዲስ ዕቃ አይደለም፤ ኩሽኔታ የበላው የወፍጮ ዘንግ፣ ጥርሱ የጠፋ ሻፍት፣ ተበይዶ እንደገና የሚላጥ ዕቃ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ደግሞ መሃሉ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ቶርኖው ያንን መሃል ፈልጎ ማግኘት አለበት እንጂ አዲስ መሃል መፍጠር አይችልም። ለዚህ ከባለ አራት መንጋጋው የተሻለ የለም።

ኮሌት

ኮሌት ከሞላ ብረት የተሠራ፣ ውስጡ ለአንድ ውፍረት ልክ ሆኖ የተበሳ፣ ውጩ ሾጣጣ የሆነ፣ ጎኑም የተሰነጠቀ መያዣ ነው። ሾጣጣው አካሉ ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገፋ ወይም ሲጎተት ስንጥቆቹ ይጠባሉ፤ ብረቱን ዙሪያውን ይጨብጠዋል። መንጋጋ በሦስት ቦታ ሲጫን ኮሌት በመላ ዙሪያው ስለሚይዝ የለሰለሰ ብረት ላይ ጠባሳ አይተውም። ጥሩ ኮሌት በጥሩ መቀመጫ ላይ ሲሆን ከ0.02 ሚሊ የበለጠ አያዋልልም። ብረቱ ወጥቶ ሲመለስም ያንኑ ያህል ቦታውን ያገኛል። አንድ ዓይነት ትንንሽ ዕቃ ደጋግሞ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚቀድም መያዣ የለም።

ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ኢአር የሚባለው ዓይነት ነው። ሬጎፊክስ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ሲሆን፣ በኋላ ዲን 6499 በተባለው የጀርመን መለኪያ ተደንግጎ ዛሬ በየአገሩ ይሠራል። ስሙ ላይ የሚከተለው ቁጥር ኮሌቱ የሚገባበትን ጉድጓድ የአፍ ስፋት በሚሊ የሚያመለክት ነው፤ ኢአር 16፣ 20፣ 25፣ 32፣ 40 የተለመዱት ናቸው። ኢአር 25 እስከ 16 ሚሊ፣ ኢአር 32 እስከ 20 ሚሊ፣ ኢአር 40 እስከ 26 ሚሊ ይይዛል። ትልልቆቹ ኮሌቶች እያንዳንዳቸው በ1 ሚሊ ሊጠቡ ይችላሉ። ስለዚህ ከ3 እስከ 20 የተቆጠሩ 18 የኢአር 32 ኮሌቶች ከ2 እስከ 20 ሚሊ ያለውን ውፍረት ያለ ክፍተት ይሸፍናሉ። ኢንችና ሚሊ ተደባልቆ በሚሸጥበት ገበያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የግማሽ ኢንች ዘንግ 12.7 ሚሊ ስለሆነ 13 ቁጥሩ ኮሌት ያለ ችግር ይይዘዋል። ወደ ላይ ግን አይሆንም፤ 20 ቁጥር ኮሌት 20.1 ሚሊ ብረት እንዲቀበል መግፋት ኮሌቱን መግደል ነው።

ኢአር ሲገዛ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ የተፈጠረው የሚሠራውን ብረት ለመያዝ ሳይሆን ፑንታና ፍሬዛ ለመያዝ ነው። የፍሬዛ ግንድ ሁልጊዜ ክብ፣ ሁልጊዜ ለስላሳ፣ ሁልጊዜም ረጅም ነው። ኢአር ኮሌት ከሁለቱም ጫፍ በተለዋዋጭ የተሰነጠቀው ርዝመቱን ሙሉ እኩል እንዲጠብ ነው፤ እኩል የሚጠበው ደግሞ ውስጡ ሲሞላ ብቻ ነው። ኢአር 32 ኮሌት 40 ሚሊ ርዝመት አለው፤ ብረቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን፣ 27 ሚሊ ገደማ መሙላት ይኖርበታል። 8 ሚሊ ብቻ ገብቶ የተያዘ ቀለበት ኮሌቱን አጣሞ ራሱም ጠማማ ሆኖ ይዞራል፤ ሊያመልጥም ይችላል። አጭር ዕቃ መያዝ ግድ ከሆነ፣ ከኋላ በኩል ያንኑ ውፍረት ያለው ቁራጭ አስገብቶ ኮሌቱን መሙላት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር አገባቡ ነው። ኮሌቱ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ቻኩ ሳይሆን ወደ ዳዶው ነው። ዳዶው ውስጥ መሃሉን የሳተ ቀለበት አለ፤ ኮሌቱ ዘመም ተደርጎ ሲገፋ አንገቱ ላይ ያለው ቦይ ቀለበቱን ያገኝና “ጠቅ” ብሎ ይያያዛል። ከዚያ ብረቱ ይገባል፤ ዳዶው ከኮሌቱ ጋር ቻኩ ላይ ይታሰራል። ያ ቀለበት ሥራው ዳዶው ሲፈታ ኮሌቱን ከሾጣጣው ነቅሎ ማውጣት ነው። ኮሌቱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ዳዶው ከላይ ከታሰረ ግን፣ ቀለበቱ ኮሌቱን በአንድ ጎን ብቻ ይጫነዋል፤ ብረቱ ይዋልላል፤ ሲፈታም ኮሌቱ ተጣብቆ ይቀራል።

5ሲ የተባለው የቆየ ዓይነት ከኢአር በተቃራኒ የሚሠራውን ብረት ለመያዝ የተፈጠረ ነው። የተሰነጠቀው ከፊት በኩል ብቻ ስለሆነ የሚጨብጠው በአፉ ነው፤ አጭር ዕቃም ይይዛል። ክብ ብቻ ሳይሆን አራት ማዕዘንና ባለ ስድስት ጎን ኮሌትም አለው። ክብ ብረት እስከ 27 ሚሊ ገደማ ይቀበላል። ይሁን እንጂ የሚጠበው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ ለየውፍረቱ የራሱ ኮሌት ያስፈልጋል፤ የሚሊና የኢንች ሁለት ስብስብ መግዛት ሊመጣ ነው። አካሉም 31.75 ሚሊ ውፍረት አለው። የስፒንድሉ ቀዳዳ 20 ሚሊ የሆነ ትንሽ ቶርኖ ውስጥ አይገባም፤ ከፊት የሚታሰር የ5ሲ ቻክ ቢገኝም ከባድና ረጅም ነው። ለትንሽ ማሽን ባለቤት መልሱ ኢአር ነው።

ኢአር ለመግዛት የወሰነ ሰው ሁለት ዓይነት መያዣ ያገኛል። አንደኛው የሞርስ ቴፐር ጭራ ያለውና በቀጥታ ስፒንድሉ ውስጥ የሚሰካ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለመሰካትም ቀላል ነው። ግን ጭራው የስፒንድሉን ቀዳዳ ይዘጋዋል፤ ረጅም ዘንግ ከኋላ አሳልፎ መሥራት አይቻልም። ሁለተኛው እንደ ቻክ ከፊት በፍላንጅ የሚታሰር ነው፤ መሃሉ ክፍት ስለሆነ አንድ ሜትር ዘንግ ከኋላ ገብቶ በፊት እየተቆረጠ ይወጣል። ኮሌት ትርፉ የሚታየው በእንዲህ ያለው ተደጋጋሚ ሥራ ላይ ስለሆነ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ባለ ፍላንጁን መግዛት ይሻላል።

በመጨረሻም ኮሌት መልከ ጥፉ ብረት አይወድም። ላዩ ቅርፊት ያለበት ጥቁር ብረት፣ በተለይ ደግሞ ፌሮ፣ ኮሌት ውስጥ አይገባም፤ ጎርበጥባጣው ኮሌቱን በአንድ ቀን ያበላሸዋል። እሱ የመንጋጋ ሥራ ነው።

ቻኩስ በምን ይታሰራል?

ቻክ ከመግዛት በፊት የስፒንድሉን አፍንጫ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም አጠገብ ቢስተን ውስጥ ይሠራ የነበረው ማይፎርድ ኤምኤል7 አፍንጫው ጥርስ አለው፤ 1 1/8 ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሳውዝ ቤንድ ባለ 9 ኢንች 1 1/2 ኢንች ሆኖ በኢንች 8 ጥርስ ነው። ያገለገለ ማሽን እዚያ ለሚገዛ ወገናችን እነዚህ ቁጥሮች የቻክ ፍለጋው መነሻ ናቸው። በጥርስ የሚታሰር ቻክ ፈጣንና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስፒንድሉ ወደ ኋላ እየዞረ ሲሠራ ተፈትቶ ሊወርድ ይችላል።

የቻይናው ሲግ ሲ3 እና መሰሎቹ ደግሞ ጥርስ የላቸውም። ቻኩ 55 ሚሊ በሆነ መቀመጫ ላይ ይገባና ከኋላ በሦስት ዳዶ ይጠበቃል። ለመፍታት አድካሚ ነው፤ ዳዶዎቹን ለመያዝ የሚበቃ ቦታ የለም። ወደ ኋላ ቢዞር ግን አይፈታም።

ቻኩና አፍንጫው ልክ ካልሆኑ በመካከላቸው ባክፕሌት የሚባል የካስት አይረን ሳህን ይገባል። ሳህኑ ስፒንድሉ ላይ ታስሮ በዚያው ማሽን ፊቱና መቀመጫው ይላጣል፤ ከዚያ ቻኩ በላዩ ይታሰራል። በዚያው ማሽን መላጡ ዋናው ነገር ነው፤ መቀመጫው ያለ ጥርጥር የዚያ ስፒንድል መሃል ይኖረዋል። ብዙ ባለሙያዎች መቀመጫውን ከቻኩ ቀዳዳ ትንሽ አሳንሰው ይላጡትና፣ ቡሎኖቹን ለዘብ አድርገው አስረው ቻኩን በጎማ መዶሻ መታ መታ እያደረጉ በጌጅ መሃል ያመጡታል። ግሪፕትሩ እና አጀስትትሩ እየተባሉ በውድ የሚሸጡት ቻኮች ይህንኑ በጎን ብሎኖች የሚያደርጉ ናቸው።

ቻኩ በተፈታ ቁጥር ሁለቱም ፊቶች በጨርቅ ይወልወሉ። በመካከላቸው የገባች አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ቻኩን ታዘነብላለች፤ ስህተቱም ከቻኩ በራቁ ቁጥር ይብሳል። ብዙ ጊዜ “ቻኩ ተበላሸ” የሚባለው በዚህ ነው።

ስፋትን በተመለከተ ትልቅ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። 80 ሚሊ ቻክ 2 ኪሎ ገደማ ሲመዝን 125 ሚሊው ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ትንሽ ማሽን ላይ ያ ሁሉ ክብደት በስፒንድሉ ኩሽኔታ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሞተሩም ለማስነሳትና ለማቆም ይደክማል። ለሲ3 ዓይነቱ ማሽን 80 ወይም 100 ሚሊ ይበቃል።

ጉልበትና ፍጥነት

ቻክ ሲዞር መንጋጋዎቹ ወደ ውጭ ይጎተታሉ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚጎትታቸው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ቆሞ ሳለ አጥብቆ የያዘ ቻክ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ይላላል ማለት ነው። በቻኩ ላይ ወይም በመመሪያው ላይ የተጻፈው የፍጥነት ጣሪያ አይታለፍ። ባለ አራት መንጋጋ ላይ ሚዛኑ ያልተስተካከለ ዕቃ ከታሰረ ደግሞ ከጣሪያው በጣም ዝቅ ብሎ መጀመር ነው።

ወፍራም ብረት ለመያዝ መንጋጋዎቹን ከቻኩ ውጭ ማንጠልጠልም ይቅር፤ ከመንጋጋው ርዝመት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከወጣ የያዙት ጥርሶች ጥቂት ስለሆኑ ሊሰበሩ ይችላሉ። ለወፍራም ብረት የተገለበጠው የመንጋጋ ስብስብ አለ። ከቻኩ ወደ ፊት የወጣው ብረት ደግሞ ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ በላይ ከረዘመ ጫፉን በቴይልስቶክ ሴንተር መደገፍ ጥሩ ነው።

የቻክ ቁልፍ ግን የራሱ ሕግ አለው፦ ቁልፉ ቻኩ ላይ ካለ እጅም ቁልፉ ላይ ነው። ለአፍታም ቢሆን ቁልፉን ቻኩ ላይ ሰክቶ ካሊፐር ለማንሳት መዞር አይፈቀድም። የተረሳ ቁልፍ ሞተሩ ሲነሣ ከየት ወዴት እንደሚወረወር ማንም አያውቅም። አንዳንድ ቁልፎች ጫፋቸው ላይ ሞላ አላቸው፤ እጅ ሲለቃቸው ራሳቸው ተገፍተው ይወድቃሉ። ቁልፉ ሞላ ከሌለው ገዝቶ መጨመር ወይም ሞላ ያለውን መግዛት ከየትኛውም ኮሌት ይቀድማል።

በምን ቅደም ተከተል ይገዛ?

ማሽኑ ባለ ሦስት መንጋጋ ይዞ ከመጣ ለጊዜው እሱ ይበቃል። በመግነጢስ መቆሚያ ላይ የሚሰካ፣ 0.01 ሚሊ የሚያነብ ዳያል ጌጅ የመጀመሪያው ግዢ ይሁን፤ ያለ እሱ የትኛውም ቻክ ጥሩ ይሁን መጥፎ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛው ባለ አራት መንጋጋ ነው። ውድ መሆን የለበትም፤ ብሎኖቹ ሳይንገጫገጩ መዞራቸውን፣ መንጋጋዎቹም በመሄጃቸው ላይ አለመወዛወዛቸውን ማየት ብቻ ነው። ሦስተኛው ኢአር 32 ባለ ፍላንጅ ነው፤ ከእሱ ጋር ሙሉውን 18 ኮሌት በአንዴ ከመግዛት በየቀኑ የሚሠራባቸውን አራት አምስት ውፍረቶች በደህና ጥራት መግዛት ይሻላል። ለምሳሌ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 16። ሌላው እያስፈለገ ይጨመራል። ውዱ ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ከሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ብዙ ሰው ሌሎቹን ሦስቱን በእጁ ካስገባ በኋላ ሳያስፈልገው ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መካከል ምንም የማይከፈልበት አንድ ልማድ አለ። ብረቱ ከመታሰሩ በፊት የሥራውን ቅደም ተከተል በወረቀት መጻፍ ነው፦ መጀመሪያ የቱ ይላጣል፣ ቀጥሎ የቱ ይበሳል፣ ብረቱ የሚፈታው የቱ ላይ ሲደረስ ነው። መሃል ለመሃል መሆን ያለባቸው ገጾች ሁሉ ከመፈታቱ በፊት ከተሰለፉ፣ ያለው ቻክ ምንም ይሁን ምን ሥራው ልክ ይወጣል። አንዳቸው ከመፈታቱ በኋላ ከቀሩ ግን፣ ባለ አራት መንጋጋው ወይም ኮሌቱ የሚወጣው ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ለጥቂት ወር ያከማቸ ሰው ቀጥሎ የሚገዛውን መያዣ ከማንም ሻጭ ሳይጠይቅ ከራሱ ጽሑፍ ላይ ያነበዋል።